መጽሐፉ ሳይገለጥ ስለሚደረግ ማኅበር

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ የዘመዴ ልጅ ከስማዳ መጥቶ እቤቴ ሰነበተ። ዕድሜው 19 ዓመት ነው፤ ጭምት፣ ታዛዥ፣ ትምህርቱንም የሚወድ ልጅ ነበረ። ጓደኞቹ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሊፈተኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ እርሱ መቅረቱን ሰምቼ ስለ ነበረ፣ ከእራት በኋላ ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ በቤት ኅብረታችን የሚመራን ወንድም ስለ እኔ ታየው። የተጠራኸው ለአገልግሎት ነው እንጂ ለፈተና አይደለም አለኝ» ሲል መለሰልኝ።

«ከየትኛው የመጽሐፍ ክፍል አንብቦ ነው?»

«አላነበበም፤ ተገለጠለት እንጂ።»

«አንተስ ምነው አልጠየቅኸው?»

ልጁ ደንገጥ ብሎ አየኝና «እንዴት ይጠየቃል ጋሼ? የተቀባ ሰው እኮ ነው» አለኝ።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች መልስ ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቶ መገኘቱ ራሱ እንደ ምሕረት በሚቈጠርበት በዚህ ዘመን አንድ ልጅ የአንድ ዓመት ዕድሜውን ጣለ፤ የጣለውም በመጠጥ ወይም በስርቆት ሳይሆን፣ የእግዚአብሔርን ቃል እናጠናለን ብለው በአንድ ሳሎን ውስጥ ከሚሰበሰቡ ሰባት ስምንት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ነው። በዚያ ሳሎን ውስጥ የመጽሐፉ ቍጥር ብዙ ነው፤ በእጅ ስልኩም ውስጥ አለ። የጠፋው የሚጠይቅ አፍ ነው። እኔም በእንደዚህ ያለ ኅብረት ውስጥ ያደግሁና ዛሬም ሐሙስ ማታ ቤቴን ለዚሁ የምከፍት ሰው ስለ ሆንሁ፣ የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

ዳሩ ግን ወደ ራሳችን ሰዎች ከመመለሴ በፊት፣ በሌላ በኩል ለሚወቅሱን መልስ መስጠት ይገባኛል። በእኛ አገር፣ ማለት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ «በቤት ተሰብስቦ መጽሐፍ ማንበብ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ሚሲዮን ያመጣው ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። እኔ የሚሲዮን ተማሪ በመሆኔ ምስክርነቴ እንደ ወገንተኛ ይቈጠርብኝ ይሆናል። ስለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው ሚሲዮን ሲባል እንኳ መስማት የማትወደውን እናቴን ነው።

እናቴ ወር በገባ በ21 ቀን የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተራ ይደርሰዋል። ተራው የእኛ በሆነ ጊዜ ጌሾው ከሳምንት በፊት ይወቀጣል፣ ጋኑ ይታጠናል፣ ጎረቤት ለመፍጨት ይመጣል። በቀኑ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ተአምሯን ያነቡና ዳቦውን ባርከው ይቈርሳሉ፤ ሙሴው እየዞረ ማን እንደ መጣ ማን እንደ ቀረ ይመለከታል። የቀረ ካለ «ምን አግኝቶት ነው?» ተብሎ ሳይጠየቅ ጠላው አይቀዳም። ማታ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችው ጽዋ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ትሰጣለች፤ እርሱም እንደ ልጅ አቅፎ እየተዘመረለት ወደ ቤቱ ይወስዳታል። እንግዲህ ፈረሰኛ ተልኮ ከስዊድን ያመጣው የትኛውን ነው? በቤት መሰብሰቡን? ተራ ገብቶ መቀባበሉን? የቀረውን መጠየቁን? ወይስ መነበቡን? ይህ ሁሉ ሚሲዮን ሳይመጣ በእናቴ ቤት ነበረ።

ጥያቄንም ቢሆን ከፈረንጅ አልተማርነውም። ጋይንት የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር አገር ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም የዚሁ የበጌምድር ነው። በየጎጆው የቅኔና የመጻሕፍት መምህር ተቀምጦ፣ ዙሪያውን ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ከብበውት አንዱ ንባቡን ሲያነብ መምህሩ «አንድም» እያለ ፍቺውን ሲዘረዝር፣ ማታ ደግሞ ተማሪዎቹ በየጎጆአቸው እየተከራከሩ ሲቀጽሉ ኖረዋል። «አንድም» ማለት እኮ ሌላም ፍቺ አለ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተገለጠልኝ ብሎ አፍ የሚያስይዝበት ጉባኤ አይደለም። በእስቴ የመካነ ኢየሱስን ከተማ የሚያውቅ ሰው ስሟን ከአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ስም ጋር አንድ ሆኖ ሲያገኘው ፈገግ ይላል፤ ለእኔ ግን ስሙ ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገራችን ከምናስበው በላይ አንድ ነው።

ይህን ብዬ ስናገር የእኛ ሰዎች ደስ እንዳይላቸው። የእነርሱ ጥፋት የባሰ ነውና። ማኅበሩን «የጠላ መጠጫ» እያሉ የሚስቁት እነርሱ ናቸው። እኔም ስቄአለሁ። በ15 ዓመቴ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለክረምት ወደ ቤት ስመለስ፣ ጫማ ማድረግና አራት ነጥብ መለየት ተምሬ ስለ ነበረ ራሴን እንደ ሐዋርያ እቈጥር ነበር። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ አገኘኋትና «እማዬ፣ ይህ ማኅበር ምን ይጠቅምሻል? ሰው ጠጥቶ ይሄዳል እንጂ ስለ እግዚአብሔር ምን ያውቃል?» አልኋት። ማማሰያውን ሳታስቀምጥ «አባትህ የሞተ ዓመት መሬታችንን ማን ያረሰው ይመስልሃል?» አለችኝ። ዝም አልሁ። «ይህን ጠላ የጠጡት ናቸው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ፤ ለዚያ ነገር መልስ አላገኘሁለትም።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤቴም ቢሆን አንድ ቂም አለኝ። ቃየን ሚስቱን ከየት አገኛት ብዬ ስለ ጠየቅሁ ከክፍል ወጥቼ ጠጠር ላይ ተንበረከክሁ። መምህሩ ደግ ሰው ነበረ፤ መልሱን ስላላወቀ ተቈጣ እንጂ። ይህን የምናገረው እርሱን ለመክሰስ አይደለም። እኔ ራሴ መምህር ከሆንሁ በኋላ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር፣ ስንት ልጅ ስላልመለስሁለት ጥያቄ «ዝም በል፣ ተቀመጥ» እንዳልሁት እግዚአብሔር ያውቃል። የማያውቅ መምህርና የሚፈራ ተማሪ ሲገናኙ ጸጥታ ይወለዳል፤ ያንንም ጸጥታ አክብሮት ብለን እንጠራዋለን።

አሁን በቤት መሰብሰብ ለምን ዋጋ እንደ ተከፈለበት ወጣት አንባቢ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ፤ በርካሽ ያገኘውን ሰው በርካሽ ይጥለዋልና። መጀመሪያ የውጭውን ላንሣ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በጀርመን አገር ፊልጶስ ያዕቆብ ስፔነር የተባለ ካህን በ1670 በፍራንክፈርት ከተማ ሰዎችን በቤቱ ሰብስቦ መጽሐፍ ማነጋገር ጀመረ። በእንግሊዝ አገር በ1664 የወጣው ሕግ ከቤተ ሰብ ውጭ ከአምስት ሰው በላይ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ውጭ ለአምልኮ እንዳይሰበሰብ ይከለክል ነበር። በስዊድንም እንዲሁ በ1726 ካህን በሌለበት በቤት ተሰብስቦ መጸለይና ማንበብ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1858 ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ግን ገበሬውና ሸማኔው ማንበቡን አልተወም፤ «አንባቢዎች» የሚል የፌዝ ስም ወጣላቸው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተቋቋመው በ1856 ከእነዚሁ አንባቢዎች መካከል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞቹም በ1866 ምጽዋ ደረሱ። የበጌምድር ተወላጅ የነበሩት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተማሩት እነዚህ ሰዎች በምንኩሉ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ያ ትምህርት ቤት የንጉሥ ስጦታ አልነበረም፤ በቤታቸው እንዳያነቡ የተከለከሉ ሰዎች ልጅ ነበረ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የደርግ መንግሥት በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሕንጻዎች ወርሶ መሪዎቿን አሰረ፤ ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ዘመን ተዘጉ። የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን ያን ጊዜ 5,000 ያህል ነበሩ። በየሰዉ ቤት በትንሽ በትንሹ እየተከፋፈሉ፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየዘመሩ ቈዩ። በ1983 ዓ.ም. ሲወጡ ግን ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንጻ ሳይኖር፣ ድምፅ ማጉያ ሳይኖር፣ ስሙ የገነነ ሰባኪ ሳይኖር ማለት ነው። በኦርቶዶክሳውያንም ዘንድ ቢሆን፣ በ1983 ዓ.ም. በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተሰበሰቡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድነት ይጸልዩና ይማማሩ እንደ ነበረ፣ ማኅበረ ቅዱሳንም በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት ከዚያ ጉባኤ የመጡ ወጣቶች እንደ ነበሩበት የታወቀ ነው። አንዱ ሌላውን መናፍቅ ወይም ጨለማ ይለው ይሆናል፤ ሁለቱም ግን በጭንቅ ጊዜ የሸሹት ወደዚያው ወደ ትንሹ ጉባኤ ነው።

እኔ በ1976 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ መምህር ነበርሁ። አራት ሰዎች ሆነን በሳምንት አንድ ቀን ማታ ከአንድ ሸማኔ ቤት እንገናኛለን። መስኮቱን በቡሉኮ እንሸፍናለን፤ ኩራዙን ዝቅ እናደርጋለን። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ስፌቱ ተፈትቶ በየክፍሉ ተከፋፍለነው ነበር፤ ለእኔ ከሮሜ እስከ ፊልሞና ያለው ደርሶኝ በተማሪ ደብተር መካከል እይዘው ነበር። ባለቤቱ ሸማኔ ማንበብ አይችሉም። እኛ ስናነብ እርሳቸው ጕድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አንጠልጥለው ይሰማሉ።

አንድ ማታ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰውና ስለ ደጉ ሳምራዊ አነበብን። እኔ መምህር ስለ ሆንሁ ስለ ሌዋውያን ሥርዐት፣ ስለ ኢያሪኮ መንገድ ብዙ አብራራሁ። ስጨርስ ሸማኔው «መምሬ፣» ይሉኝ ነበር በቀልድ፣ «ካህኑና ሌዋዊው ሰውየውን አልፈው ሲሄዱ ምናልባት ለጸሎት ይቸኵሉ ነበር ይሆን?» አሉኝ። መጽሐፉ ይህን እንደማይናገር ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እኛስ ዛሬ ማታ ወደዚህ ስንመጣ ማንን አልፈን መጣን?» ሲሉ ጠየቁ።

ማንም አልመለሰም፤ ሁላችንም ግን አውቀነዋል። ከዚያ ቤት በታች አንዲት ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ጤፋቸው ሳይታጨድ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል በዚያ እርሻ ዳር እያለፍን ስለ ፍቅር ልናነብ እንመጣ ነበር። በማግሥቱ ቅዳሜ አራታችንም ማጭድ ይዘን ወረድን። እኔ ጤፍ ማጨድ ረስቼ ስለ ነበረ ጣቴን ቈረጥሁት፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ጥናት ጥናት ሆነ። ያደረገውም የእኔ ትምህርት ሳይሆን ማንበብ የማይችሉ ሰው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው።

ዛሬ የሃይማኖት ነጻነት በሕገ መንግሥት ተጽፎ ይገኛል፤ መስኮት በቡሉኮ አይሸፈንም። መጽሐፍ ቅዱስም በአማርኛ ሞልቷል። አባ አብርሃም የተባሉት ጎጃሜ፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሏቸው፣ በግብፅ አገር ተሰድደው ሳሉ ብዙ ዓመት ደክመው ወደ አማርኛ ከመለሱት በኋላ፣ ሙሉው መጽሐፍ በአማርኛ ታትሞ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1840 ነው። ሰውየው ሥራቸው ሲታተም ሳያዩ ሞቱ። የደከሙት ግዕዝ የማያውቅ ሰው በራሱ ቋንቋ አንብቦ እንዲያስተውል አይደለምን? እንግዲህ ያንን መጽሐፍ ጭን ላይ አስቀምጦ ሳይገልጡ፣ የአንድን ሰው ሕልም ሲሰሙ ማምሸት ምን ይባላል?

ብዙ ቤቶች ሄጄ አይቻለሁ። መዝሙሩ ረጅም ነው፤ ጥሩ ነው። ከዚያ መሪው ይነሣል። አንድ ቍጥር ይጠራል፤ ሰው ሳያገኘው እርሱ ወደ ሌላ ነገር ሄዷል። ስለ ራሱ ጾም፣ ስለ ራሱ ራእይ፣ ስለ ተቃወሙትና ስለ ደረሰባቸው ቅጣት ይናገራል። በየመካከሉ «አሜን በሉ» ይላል፤ ይባላል። በመጨረሻ ለአንዱ ጋብቻውን እንዲተው፣ ለሌላው ሥራውን እንዲለቅ ይነግረዋል። የዚያን ዕለት የቀረች አንዲት ሴት ካለች፣ «ጠላት ያዛት» ይባላል እንጂ ቤቷ ሄዶ ወባ ይዟት እንደ ሆነ የሚያይ የለም። ጠላ እንጂ እግዚአብሔርን አያውቁም የተባሉት የእናቴ ማኅበርተኞች ግን ይሄዱ ነበር።

«ጥያቄ ጥርጥርን ያመጣል፤ እምነት ይሻላል» ይሉኛል። ለዚህስ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከአገራችን ሰዎች ስሙ ሳይሆን ሹመቱ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈለት ጃንደረባ፣ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ የሚያነበው እንዳልገባው በግልጽ ተናገረ፤ ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገርም ፊልጶስን ጠየቀው። የተጠመቀው ከጠየቀ በኋላ ነው። በአንድ ሰረገላ ላይ ሁለት ሰዎችና አንድ የተከፈተ መጽሐፍ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመጽሐፍ ጥናት ይኸው ነው ብል የሚከስሰኝ ያለ አይመስለኝም። እመቤታችን ድንግል ማርያምስ መልአኩን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አልጠየቀችውምን? የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የነገራቸውን እንኳ በየቀኑ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ስለ ነበረ ተመሰገኑ እንጂ አልተረገሙም። የእናንተ መሪ ከጳውሎስ ይበልጣል? ከመልአኩ ከገብርኤል ይበልጣል?

ሌላው ወቀሳ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የሚሰነዝሩትም የተማሩ ካህናት ናቸው። «ያልተማረ ሰው ሁሉ መተርጐም ከጀመረ ኑፋቄ ይበዛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በዝቷልም። በየሳሎኑ የተፈለፈለውን ስሕተት እኔ ልክድ አልችልም። ነገር ግን ስሕተቱ ያደገው መሃይማን ስለ ጠየቁ ሳይሆን ስለማይጠይቁ ነው። ሸማኔው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ኑፋቄ አላመጡም። ደግሞም ለአዋቂ መጠየቅ ማንም አልከለከለንም። ባለፈው ዓመት አንድ የዕብራውያን ቦታ ቢያስቸግረን፣ አፈሩ ይቅለላቸውና አንድ የጎረቤቴ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ የግዕዙን ንባብና የአባቶችን ፍቺ ጠይቄ መጥቻለሁ። መሪጌታው ሳቁብኝ፤ «ዛሬስ ጴንጤው የእኛን ደጅ ጠና» አሉ። ቡና አፍልተው ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። ከኅብረታችን ውስጥ ይህን የነቀፈ አለ። የነቀፈው ያው ሕልም የሚያየው ነው።

ስለ ዘመዴ ልጅ ልጨርስ። ከኔ ዘንድ ሁለት ሳምንት ቈይቶ ሐሙስ ሲሆን ከእኛ ጋር ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሐሙስ አንዲት ቃል አልተናገረም። በሁለተኛው ሐሙስ የኢዮብን መጽሐፍ እናነብ ነበር። ጓደኞቹ ኢዮብን ኃጢአተኛ ነህ እያሉ ሲወቅሱት፣ ልጁ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር ልኮን ነው ይላሉ እንዴ?» አለኝ። እስቲ አንብበህ ንገረን አልሁት። ወንበሩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ገጹን ወደ ኋላ እየገለጠ መፈለግ ጀመረ። ሌሎቹ እንቅልፍ እንቅልፍ እስኪላቸው ድረስ ፈለገ። ኤልፋዝ በሌሊት መንፈስ በፊቱ እንዳለፈና ድምፅ እንደ ሰማ የሚናገርበትን ቦታ ያገኘ ጊዜ፣ ጣቱን እዚያው ላይ እንዳስቀመጠ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

በማግሥቱ በጠዋት ተነሥቶ ለድጋሚ ፈተና መመዝገቢያው ቀን መቼ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበርና ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አብረን ሄድን።